ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የጣና ገባር ወንዞችን ዓሣ ለመለየትና ለመጠበቅ

ባሕር ዳር ዓሣ ተራ ሄዳችሁ «ይሄ ምን ዓሣ ነው?» ብትሉ ሦስት መልስ ነው የምታገኙት። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። በቃ። ቀረሶ አንድ ዓይነት ነው። አምባዛም እንደዚያው። ነጭ ዓሣ ግን የብዙዎች ስም ነው። በዚያ ስም ሥር ከ15 የማያንሱ የተለያዩ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

የችግሩ ግማሽ ከዚህ ስም ይመጣል። ከ15ቱ አንዱ ቢጠፋ ገበያው ላይ ነጭ ዓሣ አይጠፋም። ሌላው ቦታውን ይይዛል፣ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ማንም ልብ አይልም። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ ማን ያለቅስለታል? ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከመለየት ነው። ጥበቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ ይባላሉ። ከእነሱ ውስጥ ቢያንስ ሰባቱ ሐይቅ ውስጥ አይወልዱም። ክረምት ሲገባ ጣናን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ። እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ጥለው ይመለሳሉ። የተጎዱትም እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተያዘው መጠን ከ1999 እስከ 2001 ከተያዘው ጋር ሲነጻጸር፣ ወንዝ ወጪዎቹ በክብደት 75 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ጫጩቶቹ ደግሞ ወደ 90 በመቶ። ልብ በሉ፣ ይህ በአሥር ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ እምቦጭ እንኳ ጣና ላይ አልታየም ነበር፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

1. መቼና የት እንደምትሄዱ ወስኑ

ጊዜው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ዋናው ነሐሴና መስከረም። ዓሣው መጀመሪያ የወንዙ አፍ ላይ፣ ማለትም ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። በጉማራ በኩል ብዙዎቹ ዋናውን ወንዝ ትተው እንደ ዱካሊትና ኪዝን ያሉ ትናንሽ ገባሮች ውስጥ ይገባሉ። ለምን? ጉማራ በክረምት ጭቃ ነው። ቡና በወተት ይመስላል። ትንንሾቹ ገባሮች ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቶሎ ይጠራሉ፣ ውኃቸው ይሮጣል፣ ከሥራቸው ጠጠር አለ። እንቁላሉ የሚፈልገው ይህን ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ቦታ መምረጥ ነው። አንዱ አስጋሪዎች ዓሣ የሚያወጡበት ዳርቻ። ሌላው ከላይ፣ ጠጠር ያለበት ገባር። ሁለቱንም በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ጎብኙ። አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመሄድ ሁለት ቦታ አሥር ጊዜ መሄድ ይሻላል።

አደራ፣ በነሐሴ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ላይ ደብረ ታቦር በኩል የዘነበው ዝናብ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ሊደርስ ይችላል። የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትሂዱ። እረኞቹ ወንዙ መቼ እንደሚመጣ ከድምፁ ያውቃሉ።

2. የምትይዙት ዕቃ

ብዙ አይደለም። ካሜራ ያለው ስልክ። ነጭ ሳፋ። የልብስ ሰፊ ሜትር የተለጠፈበት ጣውላ። እርጥብ ጨርቅ። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ዋጋ የለውም፤ የመጀመሪያ ዓመት ደብተሬ ሰማያዊ ውኃ ሆኖ ቀርቷል። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ያዙት።

መረብና መንጠቆ አትያዙ። እናንተ ዓሣ ልትይዙ አይደለም የምትሄዱት። አስጋሪዎች የያዙትን ነው የምታዩት። ለጥናት ብላችሁ ራሳችሁ መያዝ ካስፈለጋችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱና ጠይቁ። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ዩኒቨርሲቲውም ስለ ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች አሉት። ከአንዱ ጋር ከመጀመሪያው ብትተዋወቁ በኋላ የምትሰበስቡት መረጃ ሰሚ ያገኛል።

3. ነጭ ዓሣ ያልሆነውን አስወግዱ

ይህ ቀላሉ ነው።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ልሙጥ፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጢሙ ስምንት። ቀረሶ ጢም የለውም፤ የጀርባ ክንፉ ረጅምና እሾሃማ ነው። ቤሶ ቅርፊትም አለው፣ ነጭ ዓሣም ይመስላል። ግን ገልብጣችሁ አፉን እዩ። አፉ ከሥር ነው፣ ሰፊ ነው፣ የታችኛው ከንፈር ጠርዝ እንደ ቢላ ጠንካራ ነው። ድንጋይ ላይ ያለውን አልጌ የሚፍቀው በእሱ ነው። ሳይንሱም የአገሬውን ስም ወስዶ ቤሶ ብሎ ነው የጠራው።

አገጩ ሥር ክብ መምጠጫ ያለው ትንሽ ዓሣ ካገኛችሁ ጋራ ነው፤ እሱንም ተዉት።

የቀረው ትልልቅ ቅርፊት፣ አራት ጢም፣ የጀርባ ክንፉ ፊት ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም አጥንት ያለው ከሆነ ላቤዮባርበስ ነው። አጥንቱን በጥንቃቄ ከኋላ በኩል ዳስሱት። ልሙጥ ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ ካለው ሌላ ዘመድ ይዛችኋል፤ ጣና ውስጥ ጣት የማታክል የባርበስ ዓይነት አለች፣ ብዙ ሰው የትልቁ ጫጩት ትመስለዋለች። ጥርጣሬ ካላችሁ ከሞተ ዓሣ አንድ ቅርፊት ንቀሉና ለብርሃን ያዙት። የላቤዮባርበስ ቅርፊት ላይ ያሉት መስመሮች ጎን ለጎን ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። የትንሿ ግን እንደ ፀሐይ ጨረር ይበተናሉ።

4. ነጭ ዓሣን ከነጭ ዓሣ ለዩ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ሁለት ገጽ ሙሉ «ነጭ ዓሣ፣ ነጭ ዓሣ፣ ነጭ ዓሣ» ብዬ ጽፌ ነበር። ርዝመት ለክቻለሁ፣ ቀን አስቀምጫለሁ፣ ደስ ብሎኛል። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ደብተሬን አስነብበውኝ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የቀበሌ ሰው ሁሉ ስሙ አበበ ነው እንደማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ ከክምሩ ውስጥ አራት ዓሣ አውጥተው በተርታ ደረደሩ። አፋቸውን አንድ በአንድ ከፈቱልኝ። አራቱም ሌላ ሌላ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ሳይ የኖርኩት ጅራታቸውን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከአፍ ጀምሩ። እነዚህ ዓሦች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሆነው ምግባቸውን ተከፋፍለዋል። አንዱ ዓሣ ይበላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ፣ ሌላው የውኃ ሣር፣ ሌላው በዓይን የማትታይ የውኃ ተሐዋሲ። የራሳቸው ቅርፅ ከሚበሉት ይከተላል። አፍና ራስን ካነበባችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። (በነገራችን ላይ አፋቸው ውስጥ ጥርስ የለም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ ዓሣ የሚያድን ዓሣ መሆን ቀላል አይደለም፤ ከጣናዎቹ ግን ግማሽ ያህሉ ይህን አድርገውታል። ሳይንቲስቶችን ያስገረማቸው አንዱ ነገር ይህ ነው።)

ወንዝ ወጪዎቹ ሰባት እነዚህ ናቸው። የሳይንስ ስማቸው ያስፈራል፣ ትርጉሙ ግን ራሱ መለያ ነው።

ሜጋስቶማ፣ «ትልቅ አፍ» ማለት ነው። አፉ ሲከፈት ያስደነግጣል። ዓሣ በል ነው።

አኩቲሮስትሪስ፣ «ሹል አፍንጫ»። ራሱ ከጎን ሲታይ እየቀጠነ ወደ ፊት ይሾላል። እሱም ዓሣ በል።

ማክሮፍታልመስ፣ «ትልቅ ዓይን»። ዓይኑ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ጎላ ያለ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ የማንኛውም ዓሣ ጫጩት ዓይኑ ትልቅ ይመስላል። ይህን ምልክት ያደገ ዓሣ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት።

ፕላቲዶርሰስ፣ «ጠፍጣፋ ጀርባ»። ከላይ ሆናችሁ እዩት። ከራሱ ኋላ ያለው ጀርባው ሰፋ ብሎ የተተኛ ነው። ከጎን ብቻ ፎቶ ካነሳችሁት ይህ አይታይም፤ ለዚህ ነው ከላይም አንሱ የምለው።

ትሩቲፎርሚስ፣ ትራውት የሚባለውን የፈረንጅ ዓሣ የሚመስል። ቀጠን ያለ፣ ለፈጣን ዋና የተሠራ አካል።

ብሬቪሴፋለስ፣ «አጭር ራስ»። ከሰባቱ ትንሹ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ጫጩት ነው ብለው ያልፉታል። እንቁላል ያለው ትንሽ ነጭ ዓሣ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ጻኔንሲስ፣ ስሙ ከጣና የመጣ ነው። ይህ አስቸጋሪው ነው። ጎልቶ የሚታይ ነገር የለውም። አፉ ወደ ታች ያዘነበለ፣ ከወለል የሚለቅም፣ መካከለኛ በሁሉ ነገር። ሌሎቹን አስወግዳችሁ የምትደርሱበት ነው እንጂ በአንድ ምልክት የምትይዙት አይደለም።

ከሰባቱ ውጭም የምታገኟቸው አሉ። ከንፈሩ እንደ ጎማ ወፍሮ የተንጠለጠለ ከሆነ ነጂያ ነው። ጢሙ ከወትሮው ወፍራም ከሆነ ክራሲባርቢስ ነው። ደግሞ ኢንተርሚዲየስ የሚባለው አለ። ይሄኛው ከጣና ውጭም በብዙ የአገራችን ውኃዎች ይገኛል፣ መልኩም ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከጻኔንሲስ ጋር የሚያምታታው እሱ ነው።

አንድ ደንብ አለኝ። ዓሣው ከስንዝር ካነሰና እንቁላል ከሌለው ዓይነቱን አልጽፍም። «የላቤዮባርበስ ጫጩት» ብዬ አልፋለሁ። በዚያ ዕድሜ ሁሉም ይመሳሰላሉ። እርግጠኛ ባልሆንኩበት ትልቅ ዓሣ ላይም የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። የተሳሳተ ስም ከባዶ ቦታ ይከፋል፤ ባዶውን ከፎቶው ሰው ይሞላዋል፣ የተሳሳተውን ግን ማንም አይጠረጥረውም።

5. ፎቶ አንሱ፣ ጻፉ

በሕይወት ያለ ዓሣ ከሆነ እጃችሁን መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ንከሩ። ደረቅ እጅ የሚያንሸራትተውን ሽፋኑን ይልጠዋል፣ ቁስል ይሆናል። በእርጥብ ጨርቅ ያዙት። ከውኃ ውጭ እስትንፋስ ይዛችሁ መቆየት ከምትችሉት በላይ አታቆዩት። እናንተ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ እሱም አጥሮታል ማለት ነው። ስንጥቡ ውስጥ ጣት አታስገቡ።

ፎቶው አራት ነው። ግራ ጎኑ ሙሉ፣ ራሱ ወደ ግራ ዞሮ፣ ከሜትሩ አጠገብ። አፉ ከፊት። ራሱና ጀርባው ከላይ። የጀርባ ክንፉ ተዘርግቶ። ለምን ግራ ጎን? የዓሣ ባለሙያዎች ልማዳቸው ስለሆነ ነው፤ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲነጻጸሩ።

ርዝመቱን ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሰንጠቂያ ለኩ። እስከ ጅራቱ ጫፍ አይደለም፤ የጅራት ጫፍ መረብ ውስጥ ይቀደዳል።

ደብተሩ ላይ፦ ቀን፣ ወንዝ፣ የቦታው ስም በአገሬው አጠራር፣ ርዝመት፣ የገመታችሁት ዓይነት፣ በምን እንደተያዘ፣ እንቁላል አለው ወይስ የለውም። እንቁላል እንዳለው ለማወቅ ሕይወት ያለውን ዓሣ ሆድ አትጭመቁ። ለመውለድ የደረሰ ከሆነ ሲያነሱት ብቻ ጠብ ይላል። ለሞተው አስጋሪው ሲከፍተው ጠብቃችሁ እዩ።

ቦታውን በአደባባይ አታውጁ። «ነሐሴ 10 እዚህ ገባር ላይ ዓሣ ሞልቷል» ብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ መረብ ይዘው ኑ ብሎ መጥራት ነው። አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ጠጠሩ ላይ የሰው ዱካ ብቻ ነበር።

6. የጠጠሩን አልጋ ፈትሹ

ይህን ዓሣው ከመምጣቱ በፊት፣ በሰኔ መጀመሪያ አድርጉት። በነሐሴና በመስከረም ጠጠር ላይ አትራመዱ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ነው ያለው፤ የምትፈልጉትን ነገር እየረገጣችሁት ነው።

ጡጫ የምታክል ድንጋይ አንሱ። ከሥሯ ንጹሕ ውኃ ከወጣ ጥሩ ነው። እንደ ጭስ ጭቃ ከተነሣ ክፍተቶቹ ተደፍነዋል። እንቁላል የሚተነፍሰው በጠጠር መካከል በሚያልፈው ውኃ ነው። ያ መንገድ በደለል ሲዘጋ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ዓሣው መጥቷል፣ ወልዷል፣ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፣ ግን ጫጩት የለም።

ደለሉ ከየት መጣ? ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ብዙ ጊዜ መልሱ እስከ ወንዙ ጠርዝ የታረሰ ማሳ ነው። ወይም ከብት የሚሻገርበት መልካ። ወይም አሸዋና ጠጠር የሚጫንበት ቦታ። የትኛው እንደሆነ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፤ በሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልጋችኋል።

7. አሁን ወደ ጥበቃው

ዓመቱን ሙሉ፣ ሐይቁን ሙሉ ልጠብቅ ካላችሁ ምንም አትጠብቁም። የእነዚህ ዓሦች ድካም ያለው በአራት ወርና በጥቂት ቦታ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ውስጥ ተበታትነው ሲኖሩ መረብ ሁሉንም አያገኝም። በክረምት ግን ሁሉም በአንድ በር ነው የሚያልፉት። ያ በር የወንዙ አፍ ነው። እዚያ የተዘረጋ መረብ የአንድ ዓመት ወላጆችን በሁለት ሳምንት ሊያወጣ ይችላል። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ከመጣ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው።

ከአስጋሪዎቹ ጋር ስትነጋገሩ «አታስግሩ» አትበሉ። እንጀራቸው ነው። «እነዚህን ወራት ከወንዙ አፍ ራቁ፣ መረባችሁን ወደ ሐይቁ ውስጥ ውሰዱት» በሉ። ይህ ሊፈጸም የሚችል ጥያቄ ነው። ማኅበራቸው በራሱ ከወሰነ ደግሞ ከማንኛውም ጠባቂ ይሻላል፤ ደንብ ያፈረሰውን መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የተያዘውን ዓሣ መልሶ መልቀቅ የሚለው ምክር ለመረብ ብዙም አይሠራም። መረብ ውስጥ ያደረ ዓሣ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው። ወሳኙ መረቡ የሚዘረጋበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ ብርብራ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ይንሳፈፋል። መረብ ወላጆቹን ይወስዳል፤ ብርብራ ግን ጫጩቱን፣ ጫጩቱ የሚበላውን ተሐዋሲ፣ ሁሉንም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ብርብራ የሚጠቀሙት ብዙ ጊዜ ከላይ ያሉ ወጣቶችና ልጆች ናቸው፣ አዋጅ አንብበው የሚያውቁ አይደሉም። የሚሰሙት ቄሱን፣ መምህሩን፣ አያታቸውን ነው። እድር ላይ ወይም ሰንበቴ ላይ አንድ ሽማግሌ «ይህ ነገር ከብቱ የሚጠጣው ውኃ ነው» ብሎ ቢናገር የፖሊስ ወረቀት ከሚያደርገው በላይ ያደርጋል።

የመስኖ ሞተር ነገር በበጋ ይመጣል። ጫጩቶቹ ሁሉ ክረምት ሲወጣ ወደ ሐይቅ አይወርዱም። ከየካቲት ጀምሮ ወንዙ ሲቆራረጥ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ የታሰሩ ይኖራሉ። ያን ኩሬ ሦስት ሞተር ሲስበው በአንድ ቀን ያልቃል። እዚህ ላይ የሚረዳችሁ ሰው የውኃ አባቱ ነው። ተራ የሚያወጣው፣ ጠብ የሚዳኘው እሱ ነው። ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ በየወንዙ ቁራጭ አንድ ጥልቅ ኩሬ እንዳይነካ። ሁለተኛ፣ የሞተሩ መሳቢያ ቱቦ ጫፍ ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረግ። ወንፊቱ ጫጩቱን ያድናል፣ ቅጠልና ጠጠር ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባም ይከላከላል። ገበሬው ለሞተሩ ብሎ ይቀበለዋል። ለዓሣው ብላችሁ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል።

አሸዋና ጠጠር ለሚያወጡት ማኅበራትም እንዲሁ ነው። በሰኔ የፈተሻችሁትን የትኛው ቦታ መውለጃ እንደሆነ አሳዩአቸው፣ ከዚያ ቦታ ሌላ ቦታ እንዲቆፍሩ ተነጋገሩ። ሁሉንም ጠጠር አስቁሙ ማለት አይደለም። የከብት መሻገሪያውም ከመውለጃው በታች ቢሆን ችግሩ ይቀንሳል፤ ከላይ ከሆነ ጭቃው ሁሉ እንቁላል ላይ ነው የሚወርደው።

የግድብ ጉዳይ የእናንተ አቅም አይደለም። ርብ ላይ ትልቅ ግድብ ተሠርቷል። ዓሣ ግድብ አይዘልም። ከግድቡ በታች ያሉትን ገባሮች ግን መጠበቅ ይቻላል፣ እንዲያውም አሁን የበለጠ ያስፈልጋሉ።

አሁን ደግሞ እናንተ ከተማ ያላችሁ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው፤ ከተማ ውስጥ ግን ብዙ ሰው እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። የገበያው ፍላጎት የሚወጣው ነጭ ዓሣው ወንዝ በሚወጣበት ሁለት ሳምንት ነው ማለት ነው። ሆቴል ያላችሁ፣ በእነዚያ ሳምንታት ዓሣው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲመጣላችሁ ከወንዝ አፍ የተያዘ ሳይሆን አይቀርም። አትግዙት። ሻጩ አንድ ሳምንት ካልተሸጠለት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ይዘረጋል።

8. ሊረዳ ሲል የሚጎዳ

ጫጩት ከአንድ ወንዝ ወስዳችሁ ሌላ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። የጉማራው ዓሣ የመገጭ ዓሣ ላይሆን ይችላል፣ በሽታም ይሄዳል። ከውጭ የመጣ ዓሣ ደግሞ በፍጹም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር የተባዙ ብዙ ዓይነት የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ነበሩት። ሌላ ዓሣ ገባበት፣ ያለ ልክ ተሰገረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ17ቱ 15ቱ ጠፍተዋል ተብለው ተመዘገቡ። ጣና አሁን በዓለም ላይ የዚህ ዓይነቱ የመጨረሻው ነው።

9. በኅዳር ተመለሱ

ዝናቡ ቆሟል፣ ውኃው ጠርቷል። ነጩን ሳፋችሁን ይዛችሁ ወደዚያው ጠጠር ሂዱ። ከጠጠሩ በታች፣ ውኃው በሚዘገይበት ጥግ፣ ከሣር ሥር፣ ሳፋውን ቀስ ብላችሁ አጥልቁና ውኃ ቅዱ። ነጭ ነገር ላይ ጫጩት በቀላሉ ይታያል። ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ እዚያው መልሳችሁ ልቀቁ። አሥር ጊዜ ቅዱ፤ በየዓመቱ አሥር ጊዜ፣ በዚያው ሳፋ፣ በዚያው ቦታ። እንዲህ ካልሆነ የዘንድሮውን ከአምናው ማወዳደር አትችሉም።

ምንም ካላገኛችሁም ደብተሩን ዘግታችሁ አትሂዱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ አሥር ጊዜ መቅዳታችሁን ጻፉ። ከጎኑ ዜሮ አድርጉ።